ስምንት ተባዝቶ እንዴት ስድስት ይሆናል?

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ። ሰው ስለ ትዳሩ፣ ስለ ሥራው ሲጽፍልዎት አያለሁ፤ እኔ ግን የምጽፍልዎት ስለ ልጄ የሒሳብ ደብተር ነው። ይኼም ጥያቄ ሆኖ ብለው እንደማይስቁብኝ ተስፋ አለኝ።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የማባዣ ሰንጠረዡን ገና ትንሽ እያለ እንደ ውሃ ጠጥቶታል። ሙሉ ቁጥርን በክፍልፋይ ማባዛት ከጀመሩ ወዲህ ግን ሌላ ልጅ ሆነብኝ። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ሳገላብጥ 8 × 3/4 የሚል ጥያቄ አገኘሁ። መጀመሪያ 6 ብሎ ጽፎ ነበር። ያንን ወረቀቱ እስኪሳሳ በላጲስ ፍቆ፣ በላዩ 24/32 ብሎ ጽፎበታል። መምህሩ በቀይ ሰርዞታል። «6 ልክ ነበር እኮ፣ ለምን አጠፋኸው?» ስለው፣ «8 ተባዝቶ እንዴት ከ8 ያንሳል? ማባዛት ማብዛት አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ምን ልመልስለት? እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ግን የነገረኝም የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ዝም አልኩት። ባለቤቴ «ሕጉን በቃሉ ይያዝ፣ ሌላውን ሲያድግ ይደርስበታል፤ አንቺም አታወሳስቢው» ይለኛል። እሱ ቁጥር ላይ ፈጣን ነው። ልጁ ፊት «ይኼ ደግሞ ምን ይከብዳል?» ሲል፣ ልጄ አንገቱን ይደፋል። አሁን አሁን የቤት ሥራውን ተደብቆ ነው የሚሠራው። በቀደም ደግሞ ለታናሽ እህቱ «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ሲላት ሰማሁ። አምና እኮ የክፍሉን ልጆች የሚያስጠና እሱ ነበር።

አስጠኚ ልቅጠርለት? ባለቤቴ እንዳለው ልተወው? ወይስ እኔው ተምሬ ላስረዳው? አለማወቄን ካወቀስ አያፍርብኝም?

ግራ የገባት እናት

መልስ

እህቴ፣ አልሳቅሁም። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው ያ በላጲስ የሳሳው ቦታ ላይ ነው። ልጅሽ 6ን ሲጽፍ አስልቶ ነው፤ ሲያጠፋው ደግሞ አስቦ ነው። እስከ ዛሬ ሲያባዛ ውጤቱ እየበለጠ ነው የኖረው፤ 8 × 3 ሃያ አራት፣ 8 × 7 ሃምሳ ስድስት። ይህን ሁሉ ጊዜ ያመነበትን ነገር የሚያፈርስ መልስ ሲመጣበት፣ መልሱን ተጠራጠረ። እኔ በዚህ ውስጥ ሒሳብ የማይገባው ልጅ አይታየኝም። ሕጉን ብቻ የሚከተል ልጅ ቢሆን 6 ብሎ ጽፎ፣ ደብተሩን ዘግቶ ወደ ጨዋታው ይሮጥ ነበር።

ይህ ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ብቻ እንዳይመስልሽ። ክፍልፋይን በክፍልፋይ የማባዛት ሕግ፣ ላዕል በላዕል (የላይኛው ቁጥር በላይኛው) ታህት በታህት (የታችኛው በታችኛው) የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ628 በሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ በብራህማጉፕታ ሥራ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1494፣ ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በቬኒስ ባሳተመው ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ ማባዛት ማብዛት ከሆነ በክፍልፋይ ሲባዛ ለምን ያንሳል የሚለውን አንስቶ ተቸግሮበታል። ሕጉ በእጁ ነበር፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀውም። ይህንን ለልጅሽ ንገሪው። ደስ የሚለው ይመስለኛል።

አንቺ ዝም ስላልሽበት ጊዜ እስቲ ትንሽ እናውራ። ያን ዕለት ዝም ስትይ እሱ ምን የሰማ ይመስልሻል? አንቺ «አላውቅም፣ አፈርኩ» እያልሽ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን የእናቱን ዝምታ እንደዚያ አያነብም፤ «የማይረባ ነገር ጠየቅሁ» ብሎ ነው የሚወስደው። አለማወቅሽን ቢያውቅ ያፍርብኛል ብለሽ ፈርተሻል። እኔ የምፈራው የተገላቢጦሹን ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ ይህን ያለ ችግር ያውቀዋል፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ እንዳያስብ። ስለዚህ በተመቻችሁ ሰዓት፣ ደብተር ሳይከፈት፣ «ያን ቀን ዝም ያልኩህ ጥያቄህ ጥሩ ስለሆነና መልሱን ስላላወቅሁት ነው፤ አሁን አብረን እንየው» በይው። ይህን የምትይበት ድምፅ የተለመደው ድምፅሽ ይሁን፤ ትልቅ ጉዳይ አታድርጊው።

አሁን ወደዚያ 24/32 ልመለስ፤ ልጅሽ ከየትም አላመጣውምና። ብዙ ጊዜ ልጆች ይህን ክፍል ከመጀመራቸው በፊት እኩል ክፍልፋዮችን ይማራሉ። ላዕሉንና ታህቱን በአንድ ዓይነት ቁጥር ካባዛን ክፍልፋዩ ዋጋው አይለወጥም ተብለዋል። ልጅሽ 3ንም በ8፣ 4ንም በ8 አባዛና 24/32 አገኘ። ያደረገው ሕግ አለ፤ የሌላ ቦታ ሕግ ነው። 24/32ን አቃልይው፤ ላዕሉንም ታህቱንም ለ8 ስታካፍይ ተመልሶ 3/4 ይሆናል። ማለት 3/4ን ስምንት ጊዜ ወስዶ ያው 3/4 ቀረ እያለን ነው። አንቺ ስህተት ነው አትበይው። «24/32 ሲቃለል ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም ብለሽ ጠብቂ። 3/4 ላይ ሲደርስ ፊቱን እዪው።

ታህቱ ለምን በ8 አይባዛም? ታህቱ የሚናገረው የቁራሹን መጠን ነው፤ አንዱ ሙሉ ነገር አራት ቦታ ተከፍሏል ይለናል። ስንት ቁራሽ እንዳለን የሚቆጥረው ላዕሉ ነው። ሦስት ሦስት ቁራሽ ስምንት ጊዜ ስንወስድ ቁራሾቹ ይበዛሉ እንጂ የአንዱ ቁራሽ መጠን አይነካም። 24 ቁራሽ፣ ሁሉም ሩብ። አራት ሩብ አንድ ሙሉ ስለሚሆን፣ 24ቱ ስድስት ሙሉ ይወጣቸዋል።

የልጅሽ ዋና ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም፤ ለምን ከ8 አነሰ? እኔ የምወደው መልስ አጭር ነው። ስምንት ነገሮች አሉህ፤ እያንዳንዳቸው ግን አንድ አልሞሉም፣ ሩብ ሩብ ጎድሏቸዋል። ታዲያ ድምራቸው እንዴት ስምንት ይሞላል? 8 × 3 ሲሆን ስምንቱም ቦታ ሦስት ሦስት ስለተቀመጠ በዛ። 8 × 1 ሲሆን አንድ አንድ ስለተቀመጠ ያው ስምንት ሆነ። ከአንድ ያነሰ ሲቀመጥ ደግሞ ከስምንት ያንሳል። ለነገሩ ልጅሽ ማባዛት ሁልጊዜ እንደማያበዛ ከዚህ በፊትም ያውቅ ነበር። 8 × 1 ስምንት፣ 8 × 0 ዜሮ መሆኑን ብትጠይቂው ዓይኑን ሳያሽ ይነግርሻል። 3/4 ደግሞ በዜሮና በአንድ መካከል ያለ ቁጥር ነው። መልሱ በዜሮና በስምንት መካከል ቢወድቅ ምን ይገርማል?

ይህን ሁሉ በአፍ ብቻ ብትነግሪው ግን ሌላ የሚሸመደድ ነገር ጨመርሽበት ማለት ነው። በእጁ ይሥራው። ከአሮጌ ደብተር ላይ እኩል የሆኑ ስምንት ቀጫጭን ወረቀቶች ይቁረጥ። እያንዳንዱን ለሁለት አጥፎ፣ እንደገና ለሁለት ይጠፈውና ይዘርጋው፤ አራት እኩል ቦታ ይታያል። ከመቅደዱ በፊት ጠይቂው፤ «ከእያንዳንዱ ወረቀት አንድ አንድ ሩብ ብናነሳ፣ የሚቀረን ከስምንት ሙሉ ወረቀት ይበልጣል ያንሳል?» የፈለገውን ይመልስ፤ አታርሚው። ከዚያ ከስምንቱም አንድ አንድ ሩብ ይቅደድና ለብቻ ያስቀምጥ። የተቀደዱት ስምንት ሩቦች ናቸው። እነሱን አራት አራት አድርጎ ሲገጥማቸው ሁለት ሙሉ ወረቀት ይሆናሉ። ከስምንቱ ሁለት ወረቀት ተነሳ ማለት ነው፤ የቀረው ስድስት ነው። እዚህ ላይ የአንቺ ሥራ እጅሽን መሰብሰብ ነው። ሲያጥፍ ቢያጣምም፣ ሲቀድ ቢያበላሽ፣ አትቀሚው። ሌላ ወረቀት ስጪው።

ሌላም መንገድ አለ። ስምንት ያልተቀደዱ ወረቀቶችን ደርድሮ አራት እኩል ቦታ ይክፈላቸው። እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ወረቀት ይደርሰዋል። ከአራቱ ሦስቱን ይውሰድ። ስድስት ወረቀት። የ8 ሦስት አራተኛ 6 ነው። በመጀመሪያው ስምንት ጊዜ ሦስት አራተኛ ደመርን፤ አሁን ደግሞ የስምንትን ሦስት አራተኛ ወሰድን። ሥራው የተለያየ ነው፤ መልሱ አንድ ሆነ። ሙሉ ቁጥሮች ላይ 8 × 3 እና 3 × 8 እኩል መሆናቸውን ያውቃል፤ እዚህም አልተለወጠም። ይህንን አንቺ ባትነግሪው ይሻላል፤ ራሱ ካየው ሮጦ መጥቶ ይነግርሻል።

ወረቀቱ ሲሰለቸው (መሰልቸቱ አይቀርም) ይህችን በደብተሩ ጠርዝ ላይ ይሥራ። 8 × 1/4፣ 8 × 2/4፣ 8 × 3/4፣ 8 × 4/4፣ 8 × 5/4። መልሶቹ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ናቸው፤ ሁለት ሁለት እየጨመሩ ይወጣሉ። 4/4 ላይ ሲደርስ ልክ ስምንት ሆነ፤ ምክንያቱም 4/4 አንድ ሙሉ ነው። አንዱን አልፎ 5/4 ሲመጣ ከስምንት በለጠ። ያ ያጠፋው 6 በዚህ ሰልፍ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። እንዲህ ተደርድሮ ሲታይ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ከዚህ በኋላ የቤት ሥራ ሲሠራ፣ ገና ሳያሰላ ከጥያቄው አጠገብ «ይበልጣል» ወይም «ያንሳል» ብሎ በእርሳስ ይጻፍ። ይህች ልማድ ከየትኛውም ሕግ በላይ ትጠቅመዋለች ብዬ አምናለሁ፤ 24/32 ዓይነት መልስ ሲመጣ ከመምህሩ በፊት ራሱ ይይዘዋል። አንድ እንኳ የማይሞላ መልስ፣ ለስምንት ሦስት አራተኛዎች!

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልሽም። ልጁ ሰንጠረዡን በቃሉ ባይዝ ኖሮ 3 × 8ን በጣቱ ሲቆጥር ክፍልፋዩን ይረሳው ነበር። በቃል መያዝ ያግዛል። ግን ልጅሽ እኮ ሕግ አላጣም፤ ሁለት ሕግ በቃሉ ይዞ ነው የተምታታበት። ሌላ ሦስተኛ ቢጨመርለት መምታታቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ይህን ለባለቤትሽ ልጁ በሌለበት፣ ረጋ ብለሽ ንገሪው። «ልጁን እያሳነስከው ነው» ብለሽ ብትጀምሪ ክርክሩ ስለ ልጁ መሆኑ ቀርቶ ስለ እናንተ ይሆናል። ይልቅ አንድ ነገር ለምኚው፤ 8 × 3/4ን በጭንቅላቱ ሲያሰላ ምን እንደሚያደርግ ድምፁን አውጥቶ ይንገርሽ። ፈጣን ሰው ከሆነ ምናልባት «8 ለ4 ሁለት፣ ሁለት በሦስት ስድስት» ይልሻል። እንዲህ ካለ ከ8 ሩቡን አውጥቶ ሦስት ሩብ ወሰደ ማለት ነው። ልጁ ወረቀት ደርድሮ የሚሠራውን እሱ በሐሳቡ እየሠራው ኖሯል ማለት ነው። ያንን ለልጁ ይንገረው። «ይኼ ምን ይከብዳል» ከሚለው ይልቅ «እኔ እንዲህ ነው የማስበው፤ አንተስ?» ቢለው፣ ልጁም አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ አባትየውም የሚወደውን ነገር ያስተምራል። 18 × 5/6ን ሁለቱ ይወዳደሩበት። አንዱ መጀመሪያ አባዝቶ 90ን ለ6 ያካፍል፣ ሌላው 18ን ለ6 አካፍሎ በ5 ያባዛ። ሁለቱም 15 ላይ ይገናኛሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ግን ከወዲሁ መገመት ትችያለሽ። 7 × 2/3 ሲመጣ ይህ አቋራጭ አይመችም፤ 7 ለ3 እኩል አይካፈልምና። 14/3 ብሎ፣ ከዚያ 4 ከ2/3 ማለት ነው።

አስጠኚውን ለጊዜው አቆዪው። አንድ የተምታታ ሐሳብ ላለው ልጅ ሰው መቅጠር፣ «የእውነትም አይገባኝም ማለት ነው» የሚለውን ሊያጸናበት ይችላል። ወረቀቱንም፣ «ይበልጣል ያንሳል» የሚለውንም ለሳምንታት ሞክራችሁ አሁንም ተደብቆ የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም ችግሩ ከክፍልፋይ አልፎ ሌላው ትምህርት ላይም ከታየ፣ ያኔ እናስብበት። ስትቀጥሪም የቤት ሥራውን ጨርሶለት የሚሄደውን ተዪና «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ብሎ የሚጠይቀውን ፈልጊ።

መምህሩን ግን አሁኑኑ አነጋግሪው። ያንን የተፋቀውን ገጽ ይዘሽ ሂጂና 6 ብሎ ጽፎ እንደነበር፣ ለምን እንዳጠፋው ንገሪው። በአንድ ክፍል ሙሉ ደብተር የሚያርም ሰው ከላጲሱ ሥር ያለውን ላያይ ይችላል። በምን ዓይነት ሥዕል እያስተማራቸው እንደሆነም ጠይቂው፤ ቤት የምታሳዩት ክፍል ውስጥ ካለው ጋር እንዲገጥም። አንቺ እስከ ስምንተኛ ክፍል መማርሽን ለመምህሩ መናገር ካሳፈረሽ አትናገሪ፤ አስፈላጊም አይደለም።

«ሒሳብ አይገባኝም» ስላለው ነገር፣ ደግሞ ሲል ብትሰሚው «አንተማ ጎበዝ ነህ» ብለሽ አትሸፍኚበት። አያምንሽም። «የቱ ጋ ነው ያልገባህ?» በይው። ሒሳብ የሚለው ሰፊ ነገር ወደ አንዲት መስመር ይጠብለታል፤ አንዲት መስመር ደግሞ አብራችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ታናሽ እህቱን ወረቀቱን እያጠፈ እንዲያሳያትም ፍቀጂለት። ማስጠናት የሚወድ ልጅ ነው ብለሽኝ የለ?

ቀጥሎ የሚመጣው ድብልቅ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም፤ 4 × 2 1/3 ዓይነት። እዚያ ላይ ብዙ ልጅ 2ን በ4 አባዝቶ 1/3ን ማባዛቱን ይረሳና 8 1/3 ይላል። አራት ጊዜ ሁለት 8 ነው፤ አራት ጊዜ አንድ ሦስተኛ ደግሞ 4/3፣ ማለትም 1 1/3። ሲደመር 9 1/3። ወረቀት ላይ አንዴ ካየው አይረሳውም። ክፍልፋይ በክፍልፋይ፣ 1/2 × 3/4ን የመሰለው፣ ከዚያ ይለጥቃል። እዚያ ታህቶቹም ይባዛሉ፤ ሩቦቹ እንደገና ለሁለት ስለሚታጠፉ ቁራሹ ራሱ ያንሳልና መልሱ 3/8 ይሆናል። እሱን ግን አሁን አትንኩት፤ መምህሩ እስኪደርስበት ይቆይ። ሙሉ ቁጥሩ ገና ሳይደላደል ከተደረበበት ያ 24/32 በሌላ በር ይመለሳል።